ጀማል ብረት ያነሳበት ግቢ

ከጂም ወጥቼ ቤቴ እስክገባ ድረስ እጄን አልታጠብም። ልጄ ፋጡማ አንድ ቀን አይታኝ፣ «እማ፣ ቆሻሻ እኮ ነው፤ ስንት ሰው የጨበጠው ብረት ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ግን መዳፌ ላይ የሚቀረው የብረትና የላብ ሽታ፣ በላዩም ለጡንቻ የሚታሸው የሚያቃጥል ቅባት ሽታ፣ ባለቤቴ ጀማል በሕይወት ሳለ ከእሱ ቀድሞ በራችንን አልፎ ይገባ የነበረው ሽታ ነው። ጀማል ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። ልብሶቹን ለሰው ሰጥቻለሁ፣ አልጋውን ቀይሬአለሁ፣ ግድግዳውን ከአንዴም ሁለቴ ቀለም አስቀብቻለሁ። ሽታው ከቤቱ ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። አሁን በስተርጅናዬ በገዛ እጄ ላይ ተመልሶ መጣ።

ጂም የገባሁት ወድጄ አይደለም። ድሪያ ቀሚስና ሌሶ የሚባለውን መታጠቂያ ጨርቅ የምሸጥበት ሱቄ ደጃፍ ላይ አዳልጦኝ ወድቄ እጄ ተሰበረ። ጄሶው ሲፈታ ነርሷ የራጅ ፎቶውን አይታ፣ አጥንትሽ እየሳሳ ነው፣ ክብደት ማንሳት ጀምሪ አለችኝ። «የምን ክብደት?» ብላት፣ «ብረት ነዋ፣ ማማ» አለች። እኔ ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ፤ እሷ አልሳቀችም። ሀሊማ የምትባል ወጣት ከቆርቆሮና ሚስማር መሸጫው ጀርባ ያለውን ጂም ጠዋት ጠዋት ለሴቶች ብቻ ትከፍተዋለች። አባቷ ከማዶ፣ ከኢትዮጵያ የመጣ፣ እናቷ የጎዶማ፣ የዚሁ የኬንያ በኩል ሴት ናት፤ አማርኛውን ከስዋሂሊና ከኦሮምኛ ጋር እያደባለቀች ነው የምታወራው። በሰፊው ቀሚሴ ላይ የልጄን ሸራ ጫማ አድርጌ ስገባ ቅር አላላትም። መጀመሪያ ብረት አላስነካችኝም። የመጥረጊያ እንጨት ትከሻዬ ላይ አጋድማ ቁጭ ብድግ አሠራችኝ። «እግርሽን በትከሻሽ ልክ ክፈቺ፣ ማማ። ተረከዝሽ ከመሬት አይነሳ። ጉልበትሽ የእግር ጣትሽን ይከተል፣ ወደ ውስጥ እንዳይገባ። ከኋላሽ በርጩማ እንዳለ አድርገሽ ተቀመጪ። ፖሌ ፖሌ፣ ቀስ እያልሽ። ስትወርጂ ሆድሽን በአየር ሙዪው፣ ስትነሺ ልቀቂው።» እኔ እየወረድኩ እየተነሳሁ አዳምጣለሁ። እያንዳንዱን ቃል ከዚያ በፊት ሰምቼዋለሁ። ያኔ በስዋሂሊ ነበር የተነገረው፣ የሚታዘዘውም ጀማል ነበር።

ያን ጊዜ ሞያሌን አስፋልት የሚባል አያውቃትም ነበር። ዛሬ ጠዋት አውቶቡስ የተሳፈረ ሰው ናይሮቢ ገብቶ ያድራል፤ ያኔ ግን መንገዱ ድንጋይና ቀይ አፈር ነበር፣ ሰው ከከብት ጋር በአንድ ሎሪ፣ እሱ ከላይ እነሱ ከታች፣ አፉን በሻሽ ሸፍኖ ቀናት ይጓዝ ነበር። ወዲያ ማዶ መንግሥት ሲገለባበጥ የሸሸነው ሁሉ ወዲህ ተሻግረን፣ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ ተደግፈን እንኖር ነበር። ስኳር በጣሳ ነበር የሚሰፈረው፤ ባለሱቁ ጣሳውን ሲሞላ አናቱን በመዳፉ ጠረግ ሲያደርግ የሚረግፈውን እንኳ ሴቶቹ በዓይናችን እንከተለው ነበር። ቀዝቃዛ ሶዳ የሰርግ ነገር ነበር። ወንዶቹ ሰፋፊ ሱሪ ከወገባቸው ከፍ አድርገው ታጥቀው፣ ሸሚዛቸውን እስከ ሦስተኛው ቁልፍ ከፍተው ነው የሚሄዱት። እኛ ደግሞ ከሞምባሳ የመጣ ስስ ድሪያ ያገኘን እንደሆነ ለዒድ ብቻ ነበር የምንለብሰው። ወደ ከብት ገበያው መውረጃ ላይ አንድ የካሴት ሱቅ ነበረች፤ ድምፅ ማጉያዋ ከደጅ ተሰቅሎ አንዴ የታንዛኒያ ሙዚቃ፣ አንዴ ከማዶ የተቀዳ የአማርኛ ዘፈን ይለቅ ነበር። አማርኛው ሲመጣ ሸክም ያለው ሁሉ ሸክሙን ይዞ እዚያች ጥግ ይቆማል። ዛሬ በቦታው ስልክ ይጠገናል። በእግሬ ባለፍኩ ቁጥር እርምጃዬ ሳላዘው ቀስ ይላል።

ጀማል ከደሴ በኩል የመጣ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። ሎሪ ያወርዳል፤ ሲሚንቶ፣ ባቄላ፣ ጨው፣ የመጣውን ሁሉ። እኔ የነጌሌ ልጅ ነኝ፣ ኦሮምኛ የእናቴ ቋንቋ ነው፤ እሱ ግን ያኔ በኦሮምኛ ከሰላምታ አያልፍም ነበር። በአንድ ግቢ ውስጥ በተለያየ ክፍል ነበር የምንኖረው። ውሃ በአህያ ጋሪ ሲመጣ የእኔን ጀሪካን ሳልጠይቀው ይሞላና ደጄ ላይ አስቀምጦ ይሄዳል፤ አመሰግናለሁ ለማለት ስወጣ የለም። እንዲህ እንዲህ እያልን ተጋባን። ከተጋባን በኋላ ነው አንድ ነገር ያስተዋልኩት፤ ሸሚዙን ሳጥብ ከአንገቱ በታች በጀርባ በኩል ያለው ጨርቅ ሁልጊዜ የሳሳ፣ ዝገት የነካው ነው። ገላውን ሲታጠብ እዚያው ላይ ቆዳው ጠቁሮ ደድሮ አየሁት። የሎሪ ሸክም መስሎኝ ነበር። የሸክም ምልክት ግን ትከሻ ላይ ነው የሚሆነው፤ ይኼ ከትከሻ ትከሻ የተሰመረ ነው።

ከካሴት ሱቋ ወረድ ብሎ የአንድ ኬንያዊ የብየዳ ጋራዥ ነበር። ሰውየው በዕድሜ ከእኛ በብዙ ይበልጣሉ፣ ሁሉም ምዋሊሙ ይላቸዋል፣ መምህር ማለት ነው። በወጣትነታቸው ክብደት ማንሳት ውድድር ላይ ቆመው ነበር ይባላል። ጓሮአቸው ውስጥ ከተሰበሩ ሎሪዎች የተነቀለ የጎማ ዘንግ፣ ጥርሱ የተበላ ማርሽ፣ ሲሚንቶ የተሞላ የዘይት ጣሳ ደርድረው፣ ማታ ከሥራ በኋላ የሚመጣውን ወጣት ያሠለጥኑ ነበር። ጀማል ከነዚያ አንዱ ነበር። እኔ አንዳንድ ቀን ምሳ ያልበላ እንደሆነ ብዬ ምግብ ይዤለት ስሄድ ከአጥሩ ውጪ ቆሜ እሰማለሁ። ምዋሊሙ አይጮሁም። «ጀርባህ ቀጥ ይበል። ዘንጉ ከእግርህ አይራቅ። ከመሬት አትንጠቀው፣ መሬቱን በእግርህ ግፋው። አሁን አስቀምጥ። ቀስ ብለህ አስቀምጥ። ያነሳ ሁሉ ማስቀመጥ አይችልም።»

አንድ ቀን ምዋሊሙ ቤታችን መጡ። ጀማል ሥራ ላይ ነበር። ወንበር አወጣሁላቸው፣ ሻይ አቀረብኩላቸው፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። የእኔ ስዋሂሊ ያኔ የገበያ ስዋሂሊ ነበር፤ እሳቸውም እንዲገባኝ ቀስ እያሉ ነው ያወሩኝ።

«ባልሽ አያርፍም» አሉኝ። «ለሁሉም እነግራለሁ፤ አንድ ቀን አንሳ፣ በማግስቱ እረፍ። ብረት ጡንቻን ይጎዳዋል እንጂ አይገነባውም። የሚገነባው ስትበላና ስትተኛ ነው። እሱ ግን የእረፍቱ ቀን ጋራዡን ሳልከፍት በር ላይ ቆሞ አገኘዋለሁ። ብመልሰው አጥሩን ዘሎ ይገባል።»

«ጠንካራ መሆን ይፈልግ ይሆናል» አልኳቸው።

«ጠንካራ መሆን የሚፈልግ ሰው አውቃለሁ። ክብደት ጨምርልኝ ይላል፣ ሰው እንዲያየው ይፈልጋል። እሱ እንደዚያ አይደለም። ዘንጉን ጀርባው ላይ አድርጎ ቁጭ ይላል፤ ከዚያ አይነሳም። እታች ሆኖ ይቆያል። ከአፉ አንድ ቃል ይወጣል፣ ደጋግሞ፣ ደጋግሞ። በእናንተ ቋንቋ ነው።» ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው አንስተው መልሰው አስቀመጡ። «ዴሬስን ማለት ምንድነው?»

«ቱሜፊካ» አልኳቸው። «ደረስን ማለት ነው።»

ሻዩን አልጨረሱትም። ሲወጡ በር ላይ ዞረው፣ «እንዲያርፍ አድርጊው፣ ማማ። ጀርባው አንድ ቀን ይተወዋል» አሉኝ።

ጀማልን ጠየቅሁት። ትንፋሽ ለመቁጠር የሚለው ቃል ነው አለኝ። ቃሉን ግን አሁን እኔም መስማት ጀመርኩ። ተኝቶ ይለዋል። ጀሪካን ተሸክሞ ከበር ሲገባ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። አንድ ቀን ከኋላው መጥቼ በጨዋታ ትከሻውን ብይዘው፣ ሁለት እጁን ወደ ኋላ ሰዶ ጭኖቼን አቀፈና ከመሬት አነሳኝ፤ እየሳቅኩ አውርደኝ ብለው አላወረደኝም፣ ግቢውን እያቋረጠ ይራመዳል። ጎረቤቶቹ ይስቃሉ። አንገቱ ላይ የነበረው እጄ ትኩስ ነገር ሲነካው ነው እያለቀሰ መሆኑን ያወቅሁት። ከዚያ በኋላ ትከሻውን ከኋላ ይዤው አላውቅም።

ምዋሊሙ ያሉት አልቀረም። ዘንጉን ከመሬት ሊያነሳ ሲያጎነብስ ወገቡ ውስጥ አንድ ነገር ተበጥሶ እንደ ቆሰለ ከብት ወደቀ። ወንዶች በተነቀለ በር ላይ አጋድመው ቤት አመጡልኝ። ፍራሹን መሬት ላይ አነጠፍኩለት፣ ሳምንታት ከዚያ አልተነሳም። ሥራ የለ፣ ሎሪ የለ። ጠዋት እኔ ሌሶ በክንዴ ሰቅዬ ገበያ አዞራለሁ፣ ከሰዓት እሱን አገላብጣለሁ። ምዋሊሙ ጋራዡን ለሠራተኛቸው ትተው በየቀኑ ይመጡ ነበር። መጀመሪያ መተንፈስ ብቻ ነበር ያስተማሩት፤ እጁን ሆዱ ላይ አስደርገው፣ እጁ ከፍ ዝቅ ሲል እንዲያየው። ከዚያ ጉልበቱን አጥፎ ቂጡን ትንሽ ከፍራሹ ማንሳት። ከዚያ እስከ በር መራመድ። «የደነዘዘና የከበደ ሕመም ወዳጅህ ነው፣ ይሄዳል» ይሉታል። «የሚወጋህን፣ እግርህ ድረስ የሚወርደውን ግን ስማው፤ ያን ጊዜ አቁም።» ጀማል ወደ ጣሪያው እያየ ይሰማል። ከጀርባው በታች መሬት ብቻ ነው ያለው፤ እንደዚያ ጀርባው ባዶ ሆኖ መተኛት ከወገቡ ይልቅ ያሠቃየው ነበር።

የነገረኝ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ነፋሱ አቧራ እያመጣ ቆርቆሮውን ያንኳኳል። እኔ እግሩን በቅባቱ እያሸሁ ነበር።

«ሱልጣን የሚባል ወንድም ነበረኝ» አለ።

ወንድም እንደነበረው አላውቅም ነበር። ሁለቱ አብረው ነው የሸሹት። ሱልጣን ትንሽ ነው የሚያንሰው፣ በመንገድ ላይ እግሩ ቆስሎ አመረቀዘ፣ ትኩሳት ያዘው፣ መራመድ አቃተው። ጀማል አዘለው። ከኋላው ሆኖ ሱልጣን በየጥቂቱ፣ «ደረስን?» ይለዋል። ጀማልም፣ «ደረስን፣ ያችን ጉብታ ካለፍን ደረስን» ይላል። ጉብታው ያልፋል፣ ሌላ ጉብታ አለ። ውሃቸው ካለቀ ቆይቷል።

«አንድ ቦታ ላይ መጠየቁን ተወ» አለኝ ጀማል። «እኔ ግን መመለሴን አልተውኩም። ሳይጠይቀኝ ደረስን እለዋለሁ። እንዳላወርደው ብዬ ነው፣ ዘይኑ። ካወረድኩት ማየት ሊኖርብኝ ነው። ኡራን በሚባለው መንደር አካባቢ የውሃ ጉድጓድ ላይ ስደርስ ሴቶች ነበሩ። ከጀርባዬ ላይ ሲወስዱት ትዝ ይለኛል። እጁ አንገቴ ላይ ደርቆ ጣቶቹን አንድ በአንድ ነው ያላቀቁት። ከዚያ የማስታውሰው የለም። ስነቃ ተቀብሯል። የት ብዬ አልጠየቅኩም። የመጀመሪያውን ሎሪ ተሳፍሬ መጣሁ።»

እግሩን ማሸት አቁሜ ነበር።

«ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀርባዬ ይቀለኛል» አለ። «ያ ቅለት ነው የማልችለው። ዘንጉ ሲያርፍበት ብቻ ነው ልክ የሚመጣው።»

ምዋሊሙ በማግስቱ ሲመጡ በእሱ ፈቃድ ሁሉንም ነገርኳቸው። በደካማ ስዋሂሊዬ ጣቶቹን ያላቀቁበት ቦታ ስደርስ ቃል አጣሁ፤ በእጄ አሳየኋቸው። ስለ ወንድሙ ምንም አላሉትም። «መዳን ትፈልጋለህ?» አሉት ብቻ። «እንግዲያው ከዜሮ ትጀምራለህ፣ ምንም ባልተጫነበት ዘንግ። በየመሃሉ ታስቀምጠዋለህ፣ ከሱ ርቀህ ትቀመጣለህ፣ ትንፋሽህ እስኪመለስ አትነካውም። ዝም ማለት ካልቻልክ አውራ። የእረፍት ቀንህን ደግሞ ሚስትህ ታውቀዋለች።» ጀማል ታዘዘ። ጓሮው ውስጥ በርሜል ላይ ተቀምጦ፣ እጆቹን ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ ከዘንጉ ርቆ ሲያርፍ ከአጥሩ ውጪ ሆኜ አየዋለሁ። ማንሳቱ ሳይሆን ያ መቀመጥ ነበር ላብ የሚያመጣበት።

ወገቡ የሎሪ ጉዞ ሲችል ኡራን ሄድን። ሐሳቡ የእሱ ነበር፣ እኔን የወሰደኝ ለኦሮምኛው ነው። የጨው ጆንያ ላይ ተቀምጠን ደረስን፤ ጉድጓዱ ጋ ከብት ይጠጣል፣ ሰዎች ተደርድረው እየተቀባበሉ ውሃ ያወጣሉ። አንዲት ሽማግሌ ሴት ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር፤ ሁሉም አኮ ይሏቸዋል፣ አያቴ ማለት ነው። ጀማልን ገና ሲያዩት፣ ሳልናገር፣ «ወንድሙን ያዘለው ሰው» አሉ በኦሮምኛ። ተረጎምኩለት። ጀማል እግራቸው አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«የት እንደተቀበረ ሊያይ ነው የመጣው» አልኳቸው።

«ያያል። ግን ለምን ሸሸ? ስንፈልገው ነበርኮ።»

«ሬሳ ተሸክሞ መምጣቱን ሊረሳው አልቻለም» አልኩ።

አኮ ቀና ብለው እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ረዘም አድርገው እሱን። ከጎናቸው የልጃቸው ሚስት ቆዳ ታለፋ ነበር፤ እጇ ቆመ።

«የምን ሬሳ?» አሉ አኮ። «ወንድሙ ሲመጣ በሕይወት ነበር። ውሃ ሰጠነው፣ ጠጣ። ይኼኛው እዚያ ወድቆ ነበር፤ ትንሹ ዓይኑን ገልጦ፣ ወንድሜ የት ነው አለ። እዚያ ተኝቷል፣ እንቀስቅሰው? አልነው። ‹ዲሳ፣ ሃ ቦቆቱ› አለን። ፀሐይ ስትጠልቅ ሞተ።»

የልጃቸው ሚስት ወደ ቆዳዋ አቀረቀረች። እኔ ለጀማል ዞሬ ቃል በቃል ተረጎምኩለት፣ ምንም አልጨመርኩም፣ ምንም አልቀነስኩም። የመጨረሻውንም እንዲሁ። «‹ተዉት፣ ይረፍ› አለ።» ጀማል ግንባሩን የአኮ ጉልበት ላይ ደፋ። እሳቸውም እጃቸውን አንገቱ ላይ፣ ያ የደደረው ቆዳ ላይ አሳረፉ። ከዚያ መቃብሩን አሳዩት፤ ዙሪያውን እሾህ ታጥሯል፣ ድንጋዩ ተስተካክሏል፣ ሰው ሲጠብቀው የነበረ ነው። ብቻውን ብዙ ተቀመጠ። ስንመለስ ሎሪው ላይ ጆንያውን ተንተርሶ ተኛ፤ መንገዱ እያነሳ ሲጥለው አልነቃም። ከዚያ ወዲህ ያን ቃል ከአፉ ሰምቼው አላውቅም። ብረቱን አልተወም፤ ምዋሊሙ ሲያረጁ ወጣቶቹን እሱ ነበር የሚያሠለጥናቸው። የእረፍት ቀኑን ግን ቤት ይውላል፣ ፋጡማን በትከሻው አይሸከማትም፣ እጇን ይዟት ይሄዳል።

ሀሊማ አሁን መጥረጊያውን ትታ ባዶ ብረት ሰጥታኛለች። በየመሃሉ አግዳሚው ላይ አስቀምጣኝ፣ «እረፊ፣ ማማ» ትለኛለች። ሌሎቹ ሴቶች ያን ጊዜ ስልካቸውን ያያሉ። እኔ ደረቴ እየመታ፣ እጄ እየሸተተኝ እቀመጣለሁ፤ ጀማልም ከጎኔ ነው የሚቀመጠው። አያወራኝም። ትንፋሹን ግን፣ ሳልዋሽ፣ እሰማዋለሁ። ሀሊማ «ቀጥይ» ስትለኝ ብድግ ማለት የማልፈልገው ሰነፍ ሆኜ አይደለም።

ጀማልን ጉበቱ ነው የገደለው፣ ቀስ ብሎ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት አንድ ጠዋት ገንፎ በማንኪያ እየሰጠሁት ነበር።

«ዘይኑ» አለኝ። «ሱልጣን እኮ ኦሮምኛ አያውቅም ነበር። አንዲት ቃል እንኳ።»

ማንኪያው እጄ ላይ ቀረ።

«አኮም አማርኛ አይሰሙም ነበር» አለ።

«አይሰሙም ነበር» አልኩ።

«አንቺ ነሽ የጨመርሽው?»

«ወላሂ እኔ አይደለሁም። እሳቸው ያሉትን ነው የነገርኩህ።»

«አውቃለሁ። ብቻ ልጠይቅሽ ብዬ ነው።»

«በምልክት ተግባብተው ይሆናል» አልኩት። «የታመመ ሰው በእጁም ይናገራል።»

«ሊሆን ይችላል» አለና ፈገግ አለ፤ ለእኔ ብሎ ፈገግ ያለው ነው።

ገንፎውን አስቀመጥኩ። «መቼ ነው የገባህ?»

«እዚያው። መቃብሩ ጋ ተቀምጬ።»

ሎሪው ላይ እንዴት እንደተኛ ትዝ አለኝ። ከዚያ በኋላ በቤታችን የተኛቸው ሌሊቶች ሁሉ፣ ያ የተረጋጋ ትንፋሹ፣ ያ ሁሉ ዓመት።

«እያወቅክ?» አልኩት። «እያወቅክ ታዲያ እንዴት አመንካቸው?»

ዓይኑን ወደ ጣሪያው አነሳ። ፊቱ ላይ ቁጣም ኀዘንም አልነበረም።

«ደክሞኝ ነበራ» አለኝ።